ማኑዋል ካምቢዮና የሰቆጣ ዳገት

ከአላማጣ ተነሥቶ ወደ ኮረም የሚወጣ የጭነት መኪና የግራካሱን ጠመዝማዛ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነጂው እጁን ወደ ማርሹ ይሰዳል። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ ሞተሩ ለአንድ አፍታ ከጎማው ይለያያል፤ ከባዱ ማርሽ ይገባል፤ መኪናውም ድምፁን ለውጦ ዳገቱን ይይዛል። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮረም ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከኮረም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድም እንደዚሁ በተራራና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ለሰቆጣ ባለሱቅ የታዘዘው ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ላይ ከመድረሱ በፊት ነጂው ማርሹን እጅግ ደጋግሞ መለዋወጡ የማይቀር ነው።

ይህ የእጅና የእግር ሥራ በሌላው ዓለም እየቀረ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ አውቶሞቢሎች መካከል ዛሬ ማኑዋል የሆኑት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ ማኑዋል ካምቢዮ ሁለት ዓይነት ታማኝ ደንበኞች አሉት። አንደኛው የፈለገውን መርጦ ለመግዛት ገንዘብ የማይቸግረው የስፖርት አውቶሞቢል ወዳጅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አገር በዳገትና በቁልቁለት ላይ እንጀራውን የሚያገኘው ነጂ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሀብትም በኑሮም የማይገናኙ ቢሆኑም የሚገዙት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ማርሹን የመምረጥ ሥልጣን በነጂው እጅ እንዲቆይ ነው። ተሽከርካሪና መለዋወጫ ለሚያስመጣ ነጋዴ የዚህን ፍላጎት ምክንያት ጠንቅቆ ማወቅ የሚጠቅም ነው፤ በሚመጡት ዓመታት የትኛው ዕቃ እንደሚሸጥና የትኛው በመጋዘን እንደሚያድር የሚወስነው ይኸው ነውና።

የካምቢዮ ትርጉም

ካምቢዮ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን መለወጫ ማለት ነው። ጣሊያኖች የገንዘብ ምንዛሪንም የሚጠሩት በዚያው ቃል ነው። ነጋዴ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሊያገኝ አይችልም። ካምቢዮ የሚሠራው የምንዛሪ ሥራ ነውና። ሞተር የሚያመርተው ኀይል የተወሰነ ነው፤ በከባድ ማርሽ ሲሄድ ፍጥነቱን ሰጥቶ ጉልበት ይገዛል፤ በቀላል ማርሽ ሲሄድ ጉልበቱን ሰጥቶ ፍጥነት ይገዛል። የምንዛሪውን ጊዜና መጠን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው በማኑዋልና በአውቶማቲክ መካከል ያለው ልዩነት።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር። የጭነት መኪና በብዛት የታየው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ነው። ፊያት 634 የተባለው መኪና በቁጥሩ ምክንያት «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ ሲታወቅ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ» የሚል ስም አተረፈ። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባልስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን የሚሉት ቃላት ሁሉ በዚሁ መንገድ ወደ ጋራዡ ገብተው አማርኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች በአዲስ አበባ እየገጣጠመ ይህን ልማድ አስቀጥሏል።

በዚያን ዘመን ካምቢዮን መለወጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማማው መሣሪያ፣ ማለትም ሲንክሮናይዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢገባም፣ ወደ ከባድ መኪናዎች ለመዛመት ብዙ ዓመታት ወስዶበታል። መሣሪያው በሌለው ካምቢዮ ነጂው ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠና የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ማርሹን ማስገባት ነበረበት። ያልቻለበት ሰው ማርሹን ሲያንገጫግጭ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ የማኑዋል ዕድሜ አጭር ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመታት አልፈዋል።

የስፖርት አውቶሞቢል ነጋዴዎች የተማሩት

የጀርመኑ ፖርሼ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ 3 የተባለውን ፈጣን አውቶሞቢሉን ሲያቀርብ ማኑዋል ካምቢዮውን አስቀርቶ በሁለት ፍሪሲዮን የሚሠራ አውቶማቲክ ብቻ አደረገለት። በሒሳብ ሲታይ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ አዲሱ ካምቢዮ ማርሽ የሚለውጠው ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስለ ሆነ የትኛውም ነጂ በእጁ ሊቀድመው አይችልም። ደንበኞቹ ግን አጉረመረሙ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2016 በማኑዋል ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ 911 አር የተባለ ዓይነት 991 አውቶሞቢሎች ብቻ ሠርቶ ቢያወጣ፣ ሁሉም ወዲያው ተሸጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወሩም ዋጋቸው ፋብሪካው ከተመነው በእጥፍና ከዚያም በላይ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በ2017 ፋብሪካው ለጂቲ 3 ማኑዋሉን መለሰ።

የጃፓኑ ቶዮታም ተመሳሳይ ትምህርት አግኝቷል። ሱፕራ የተባለውን የስፖርት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ ካቀረበ በኋላ፣ በ2022 ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ጨመረለት። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ማኑዋሉን ሳይተው ከሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በአንጻሩ የኮርቬት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ማኑዋሉን ፈጽሞ አስቀርቷል፤ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይም ከ2025 ሞዴል ጀምሮ እንዲሁ አድርጓል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ወደ ማኑዋል እየተመለሰ ነው ማለት አይቻልም። በትክክል ሊባል የሚቻለው፣ ማኑዋል የብዙኃን ዕቃ መሆኑ ቀርቶ አውቆ ለሚፈልገው ሰው ተለይቶ የሚቀርብ ዕቃ ሆኗል የሚለው ነው።

እነዚህ ገዢዎች የሚሹት ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነትማ በአውቶማቲኩ ይበልጣል። የሚሹት ሥራውን ራሳቸው መሥራታቸውን ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልስዋገኑን እንደ ዐይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ያች ባለ አራት ማርሽ አውቶሞቢል በሜክሲኮ መመረቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢያበቃም ባለቤቷ በቀላሉ አይሸጣትም።

የዋግ መንገድ የሚጠይቀው

ለስፖርት አውቶሞቢሉ ባለቤት ደስታ የሆነው ነገር ለሰቆጣ ነጂ ግዴታ ነው። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የሚደርስባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በዚያን ጊዜ የቅፍለቱ መሪ ዳገቱ ሳይደርስ እንስሶቹን ማሳረፍን፣ በቁልቁለት ጭነቱን ማጥበቅን፣ ደካማዋን በቅሎ ማስቀደምን ያውቅ ነበር። ዛሬ የዋግ ማር፣ የአበርገሌ ፍየል፣ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ የሚጠመደው ዓሣ ወደ ገበያ የሚወጣው በጭነት መኪና ነው። መንገዱን አስቀድሞ የማየት ጥበብ ግን አልቀረም፤ ከቅፍለት መሪው ወደ ነጂው ተሸጋገረ እንጂ።

የከፍታው ነገር በመጀመሪያ የሚነካው ሞተሩን ነው። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ የዚያኑ ያህል ያጣል። መቶ የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር በዚያ ሥፍራ የሚሠራው እንደ ሰማንያ ሆኖ ነው ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱን በብዛት ይተካል፤ ነገር ግን ከዝቅተኛ ዙር ሲነሣ እስኪነቃ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነጂው ሞተሩ ሳይደክም ማርሹን አስቀድሞ መቀነስ አለበት። ከመታጠፊያው ወዲያ ምን እንዳለ የሚያውቀው መንገዱን ደጋግሞ የተመላለሰበት ሰው ነው፤ ተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዳገቱን የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ200 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ይኸውም አንድ ሙሉ በርሜል፣ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ሙቀት ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ፍሬኑ ብቻውን እንዲሸከም ከተተወ ሸራው ይግላል፣ መያዙን ይተዋል፣ መኪናውም ከነጂው እጅ ይወጣል። ከባድ ማርሽ ከገባ ግን ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረ ስለሚወርድ ሞተሩ ራሱ ልጓም ይሆናል። እንደ አይሱዙ ኤን ያሉት መኪናዎች በጭስ ማውጫው ላይ የሚሠራ የሞተር ፍሬን ተጨምሮላቸዋል፤ እርሱም ቢሆን በሚገባ የሚያግዘው ማርሹ ሲከብድ ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የነጂዎች ደንብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ነጂ የሚያተርፈው ጥቂት ሊትር ሲሆን፣ ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን የራሱን፣ የረዳቱንና የመንገደኛውን ሕይወት፣ ከዚያም የነጋዴውን ሙሉ ንብረት ነው። ስለዚህ ማኑዋል ካምቢዮ በራሱ ደኅንነት አይሰጥም፤ ደኅንነትን የሚሰጠው የሚያውቅበት እጅ ሲይዘው ነው።

የጋራዡ ጉዳይ

ማኑዋልን በደጋው ያጸናው ሌላው ምክንያት ጥገናው ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ነጂው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ወደ ፊት መሄዱን ይቀንሳል። ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውንና ኩሽኔታውን መለወጥ መፍቻ፣ ክሪክና ልምድ ያለው መካኒክ ካለ በትንሽ ከተማ ጋራዥ የሚሠራ ሥራ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ንጹሕና ዓይነቱ የተለየ ዘይት፣ የተጣራ የሥራ ቦታ፣ ጉድለቱን የሚያነብ ኮምፒዩተርና ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። እነዚህ በአዲስ አበባ ቢገኙም በሰቆጣ፣ በአምደወርቅ ወይም በአስከተማ እንዲገኙ መጠበቅ አይቻልም። መኪናው በመንገድ ላይ ቢቆም የመጎተቻው፣ የመጠበቂያውና የተበላሸው ጭነት ወጪ ከካምቢዮው ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ የደከመበት ማኑዋል መኪና ደግሞ በሰው ግፊያ ወይም በቁልቁለት ይነሣል። ይህ ነገር ለከተማ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ በብርዳማ ደጋ ማለዳ ጭነት ይዞ ለቆመ ነጂና በጎማው ሥር ታኮ አድርጎ ለሚጠብቅ ረዳት ግን የአንድ ቀን ሥራ ማግኘት ወይም ማጣት ነው። የሰቆጣ ባለሱቅ ስለ ካምቢዮ ምንም ባያውቅ እንኳ ውጤቱ ይደርሰዋል፤ መኪናው በዘገየ ቁጥር የስኳሩ ዋጋ ይጨምራል፤ ወደ ውጭ የሚላከው ማርና ፍየልም ገዢውን ሳያገኝ ይሰነብታል።

የተለወጠው ዓለም

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ከማኑዋል ወዲያ መልካም ነገር የለም ማለት ስሕተት ይሆናል። የስዊድኑ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2001 አይ-ሺፍት የተባለውን ራሱ የሚለዋወጥ ካምቢዮ ለከባድ መኪናዎች ካቀረበ ወዲህ በአውሮፓ አዳዲስ ከባድ የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ካምቢዮ የሚሠሩ ሆነዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የመንገዱን ተዳፋት ይለካሉ፣ ጭነቱን ይመዝናሉ፣ ነጂውንም ከድካም ያሳርፋሉ። በአዲስ አበባ የመኪና ብዛት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ነጂ አውቶማቲክ ቢመኝ አይፈረድበትም። እንግዲህ በደጋው ማኑዋል የተመረጠው አዲሱ መሣሪያ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ ሲበላሽ የሚያነሣው ሰው ሩቅ ስለ ሆነ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሎ የአስመጪውን ሒሳብ ለውጦ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ የታክስ ማቃለያ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በአብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ፍሪሲዮን የሚባል ነገርም የለውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥና አየር ስለማይፈልግ የሰቆጣ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። በቁልቁለትም ሞተሩ መልሶ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናውን ይይዛል፤ በፍሬን ላይ በሙቀት ይጠፋ የነበረው ኀይል ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

እንግዲህ ለዳገትና ለቁልቁለት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ማኑዋልን የሚያስንቅ መሣሪያ ነው። የሚጎድለው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ምክንያት ዋግ ኽምራ መንገድም መብራትም ተቋርጦበት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ በሰው ትከሻም በአህያም ሊደርስ ይችል ነበር፤ ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይቀዳም። ያንን ያየ ነጋዴ ባትሪን ለማመን ጊዜ ቢወስድበት የሚያስገርም አይደለም። መብራቱ አስተማማኝ ሲሆንና የባትሪ ባለሙያ በአካባቢው ሲገኝ ግን አስተያየቱ መለወጡ አይቀርም።

ማኑዋል በኤሌክትሪኩ ዘመን እንኳ ጥላውን ጥሎ ማለፉን የሚያሳይ ነገር አለ። የኮርያው ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው አዮኒክ 5 ኤን የተባለው ፈጣን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፣ ማርሽ ሳይኖረው ማርሽ እንደሚለወጥ አድርጎ የሚነቀንቅና ድምፅ የሚያሰማ ዘዴ ተበጅቶለታል። ደንበኛው የለመደውን ስሜት ስላልተወ ፋብሪካው ስሜቱን ለብቻው ሠርቶ ሸጠለት ማለት ነው።

ነጋዴው ሊያመዛዝነው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ማኑዋል ለዘላለም ይኖራል ወይም ነገ ይጠፋል የሚል አይደለም። ሁለቱ ደንበኞች የሚለያዩበትን ነጥብ መለየት ነው ትምህርቱ። የስፖርት አውቶሞቢሉ ወዳጅ ማኑዋልን የሚገዛው ስለ ወደደው ነው፤ ሌላ የተሻለ ቢመጣም አይተወውም። የሰቆጣ ነጂ ግን ማኑዋልን የያዘው ስለሚያበላው ነው፤ በዋግ መንገድ የማይከዳው የተሻለ መሣሪያ ከነመለዋወጫውና ከነባለሙያው ሲመጣለት በደስታ ይለውጣል። የመጀመሪያውን ልማድ፣ የሁለተኛውን ኋላ ቀርነት ብሎ የሚተረጉም ነጋዴ ሁለቱንም ገበያ ያጣል።

ስለዚህ አስመጪ ወደ ሰሜን ደጋ የሚሄድ ተሽከርካሪ ከማዘዙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ይህ ካምቢዮ ቢበላሽ የሚጠግነው ጋራዥ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል? መለዋወጫው በወልድያ ወይም በደሴ መደርደሪያ ላይ አለን? ነጂዎቹስ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርዱበት የሚያሳያቸው ሰው አለን? መልሱ የተሟላ ከሆነ አውቶማቲክም ሆነ ኤሌክትሪክ በሰቆጣ ሊሸጥ ይችላል። ካልተሟላ ግን በዋጋው ርካሽ የሆነው ዕቃ እንኳ በመጨረሻ ውድ ይሆናል።

የመለዋወጫ ነጋዴም በበኩሉ ነገሩን በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። አዳዲስ አውቶሞቢሎች ያለ ፍሪሲዮን ቢመጡም፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት አይሱዙዎች፣ ላንድ ክሩዘሮችና ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት የሚሠሩ ናቸው፤ አዲስ ማስገባቱ በከበደ መጠንም ያለውን ጠግኖ ማሠራት ይበዛል። የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታና የካምቢዮ ዘይት እንግዲህ ገበያቸው ቶሎ አይዘጋም። ዕቃው ግን ትክክለኛ መሆን አለበት። ከሐሰተኛ ሸራ የተገኘች ጥቂት ትርፍ በግራካሱ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች፤ በዚህ ዓይነት የተጎዳ የንግድ ስምም ተመልሶ አይገኝም።